አንገት ላይ ያበጠ ሁሉ ቲቢ አይደለም

«ነቀርሳ» የሚለው ቃላችን ራሱ ያምታታል። አንዴ ለቲቢ፣ አንዴ ለካንሰር እንጠራበታለን። ሊምፎማም እዚህ ግርግር ውስጥ ይደበቃል። ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው፤ ብዙ ጊዜ አንገት ላይ ይወጣል፤ መንጋጋ፣ አፍንጫና ዓይን ላይ የሚወጡ፣ እምብዛም የማይታዩ ዓይነቶችም አሉት። ስለ እሱ የሚባሉ አምስት ነገሮችን እንይ።

«ንፍፊት ነው፣ የቲቢ መድኃኒት ይጀመርለት»

የአንገት ቲቢ እኛ ዘንድ ብዙ ስለሆነ ግምቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ቲቢም ሊምፎማም ላይ አሉ። በእጅ ዳሰሳ አይለዩም። የሚለያቸው ናሙና ነው። ለሊምፎማ ደግሞ በቀጭን መርፌ የተቀዳ ጥቂት ሴል ብዙ ጊዜ አይበቃም። ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) የሴሎቹን አደራደር ማየት ስላለበት፣ ንፍፊቱ ሙሉውን ወጥቶ ቢላክለት ይመረጣል።

«ቢላ ከነካው ይበተናል»

ናሙና መውሰድ ሊምፎማን አያሰራጭም። ሰውን የሚጎዳው ይህን ወሬ ፈርቶ ወራት ማባከኑ ነው። ለነገሩ እዚህ የቢላው ዋና ሥራ ናሙና ማውጣት ነው፤ ሕክምናው በዋናነት ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) እና ጨረር ነው።

«የልጁ ጥርስ ነው፣ ይነቀል»

ይሄኛው ያንገበግበኛል። አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ካምፓላ ሲሠራ መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናትን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ በሽታው ጻፈ፤ ዛሬ በስሙ በርኪት ሊምፎማ ይባላል። የሚበዛው ወባ ባለባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ነው። ጥርሶች ይነቃነቃሉ፣ ጉንጭ ያብጣል። ሴሎቹ በ1 ወይም በ2 ቀን እጥፍ ስለሚሆኑ ሰኞ ያዩት ፊት አርብ ሌላ ነው።

ደግነቱ፣ በፍጥነት የሚባዛ ሴል ለኬሞም ቶሎ ይሸነፋል። አንዳንዴ እንዲያውም ከመጠን በላይ ቶሎ። የሞቱት ሴሎች ዝቃጭ ኩላሊት ላይ ይወርዳል። ልጁ ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት ጀምሮ ግሉኮስ የሚተከልለት፣ ኩላሊትን ከዚህ ዝቃጭ የሚጠብቅ አሎፑሪኖል የተባለ መድኃኒት የሚሰጠው፣ ሽንቱም እየተለካ የሚመዘገበው ለዚህ ነው። ፊቱ በቀናት ውስጥ ቢጎድልም የኬሞውን ዙር ሳይጨርስ ይዞት መውጣት በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

«ሳይነስ ነው»

ብዙ ጊዜ ልክ ነው። አፍንጫ በአንድ ጎን ብቻ ተደፍኖ ሲደማ፣ ላንቃ ሲቆስል ወይም ሲበሳ ግን ሌላ ነገር ይጠረጠራል። በምሥራቅ እስያና በላቲን አሜሪካ የሚበዛ የአፍንጫ ሊምፎማ አለ፤ የተለመደው የሊምፎማ ኬሞ ብዙም አይበግረውም። እሱን የሚያጠቃው አስፓራጂኔዝ የተባለ መድኃኒት ነው። ሴሎቹ ራሳቸው መሥራት የማይችሉትን አስፓራጂን የተባለ የፕሮቲን ግብዓት ከደም ውስጥ አጥፍቶ ያስርባቸዋል። ካልተሰራጨ ጨረርም ይጨመርበታል።

«ካንሰር ከተባለ ዛሬውኑ ኬሞ»

የታችኛው የዓይን ቆብ ሲገለጥ የምትታይ ሮዝ ንጣፍ ለዓመታት ቀስ እያለች የምታድግ ሊምፎማ ልትሆን ትችላለች። በ2 ቀን ተከፍሎ የሚሰጥ 4 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ጨረር ብዙዎቹን ያጠፋል። ካልረበሸች ደግሞ ሐኪሙ «ከ3 ወር በኋላ ተመለሺ» ሊል ይችላል። ችላ ማለቱ አይደለም፣ እየተከታተለ ነው።