የቺፕ ሙግቶች ከድሬዳዋ ሲታዩ

በሴሚኮንዳክተር (በቺፕ) ኢንዱስትሪ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙግት ይበዛል። በፓተንት ሙግት አንዱ ኩባንያ «ይህን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሳልፈቅድ እንዳትሠራበት» ይላል። በንግድ ውድድር ሙግት ደግሞ መንግሥት፣ ደንበኛ ወይም ተፎካካሪ «በጉልበትህ ገበያውን ዘጋህብን» ብሎ ይከሳል። ፓተንት ራሱ ሕግ የሰጠው ብቸኛ መብት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሙግቶች መብቱ የት ላይ ያበቃል በሚለው ጥያቄ ይገናኛሉ።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከዚያ ወዲህም ከወደብ በሚገባ ዕቃ የምትተዳደር ከተማ ናት። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠናም እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው እዚሁ ነው። ታይዋን በሚባለው ገበያዋ አንድ የሞባይል ጥገና ባለሙያ የተበላሸ ስልክ ፈቶ ቦርዱን በማጉያ ሲያየው፣ ከጥፍር በማትበልጥ ጥቁር ቺፕ ላይ የቺፕ ኩባንያዎቹን የኳልኮምን ወይም የሚዲያቴክን ስም ያገኛል። ደንበኛው ለስልኩ የከፈለው ገንዘብ ውስጥ የቺፑ ዋጋ አለ፤ የፓተንት ክፍያም አለ። ሁለቱም በየአገሩ ፍርድ ቤት ሲያከራክሩ ኖረዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ከአዋጆቹ ቁጥር በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከትራንዚስተር፣ ቺፕ ከሚገነባበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው። በ1956 የአሜሪካ መንግሥት በስልክ ኩባንያው በኤቲ ኤንድ ቲ ላይ የመሠረተው የፀረ ሞኖፖሊ ክስ በስምምነት ሲዘጋ፣ ኩባንያው ትራንዚስተር የተፈለሰፈበት ቤተ ሙከራው ቤል ላብስ የነበሩትን ፓተንቶች ያለ ክፍያ ለሌሎች እንዲፈቅድ ተደረገ። በእኔ እምነት ከዚህ ዘርፍ ውሳኔዎች ሁሉ ብዙ ፍሬ ያፈራው ይህ ነው። ቀጥሎ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ጃክ ኪልቢና የፌርቻይልድ ሮበርት ኖይስ ዛሬ ቺፕ የምንለው የኢንቲግሬትድ ሰርኪዩት ፈጣሪ ማን ነው በሚለው ተሟገቱ። ኩባንያዎቹ ግን ፍርዱን ሳይጠብቁ በ1966 አንዳቸው የሌላውን ፓተንት እንዲጠቀሙ ተስማሙ።

ለተራው ገዢ በጣም የሚቀርበው የሜሞሪ ቺፕ አምራቾች የዋጋ ሴራ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2002 ድረስ የአምራቾቹ የሽያጭ ኃላፊዎች ለዴል፣ ለኮምፓክ፣ ለአይቢኤምና ለመሰሎቻቸው ዋጋ ከማቅረባቸው በፊት እርስ በርስ እየተነጋገሩ ዋጋውን ይቆርጡ ነበር። ጉዳዩ ሲወጣ ኢንፊንየን በ2004 160 ሚሊዮን ዶላር፣ ሃይኒክስ በ2005 185 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግም በዚያው ዓመት 300 ሚሊዮን ለመቀጣት ተስማሙ። ማይክሮን ከመርማሪዎች ጋር በመተባበሩ ከቅጣት ዳነ። አንዳንድ ኃላፊዎች እስር ቤት ገብተዋል። የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2010 አምራቾቹን 331 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ።

የተጎዳውስ ሰው? አሜሪካ ውስጥ የገዙት በጋራ ክስ ካሳ አገኙ። ሴንተርፕራይዝ የተባለ የእንግሊዝ ኮምፒዩተር ሠሪ እዚያው አሜሪካ ሲከስ ግን፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2008 «ጉዳቱ የደረሰብህ ውጭ አገር ነው» ብሎ መለሰው። በእነዚያ ዓመታት ድሬዳዋ ላይ ኮምፒዩተር የገዛ ሰውም ከዚያው ከተወደደው ገበያ ነው የገዛው፤ በአሜሪካ ሕግ የሚጠይቀው ነገር ግን አልነበረውም። ሴራው ድንበር ተሻግሮ ካሳው ድንበር ላይ መቆሙ ፍትሕ አይመስለኝም።

የኳልኮም ጉዳይም እዚያው ያደርሰናል። ኩባንያው ቺፕ ይሸጣል፤ ለብቻው ደግሞ ከስልኩ ዋጋ በመቶኛ የሚታሰብ የፓተንት ክፍያ ይሰበስባል። የፓተንት ውል ላልፈረመ ስልክ ሠሪ ቺፕ አይሸጥም መባሉ ነው ያስከሰሰው። በአሜሪካ በ2017 ተከሶ በ2019 ቢረታም፣ በ2020 በይግባኝ ነፃ ወጣ። ቻይና ግን በ2015 975 ሚሊዮን ዶላር ቀጣችው፤ የክፍያውን ስሌትም አስቀየረች። ክፍያው በስልኩ የተጣራ ዋጋ 65 በመቶ ላይ ብቻ እንዲታሰብ ሆነ። ሲዲኤምኤና ደብልዩሲዲኤምኤ የተባሉትን የ3ጂ ስልቶች ለማይጠቀም የ4ጂ ስልክ ተመኑ 3.5 በመቶ ስለሆነ፣ በ100 ዶላር ስልክ ላይ ክፍያው ወደ 2 ዶላር ከ28 ሳንቲም ይወርዳል። ቅናሹ ግን ቻይና ውስጥ አገልግሎት ላይ ለሚውሉ ስልኮች ነው። ከዚያው ፋብሪካ ወጥቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባውን ስልክ አይመለከትም።

የኮምፒዩተር ዋና ቺፕ ሠሪዎቹ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፍጥጫ ከሁሉ የረዘመው ነው። ኤኤምዲ በ2005 ኢንቴልን የከሰሰው «ከእኔ እንዳይገዙ ለኮምፒዩተር ሠሪዎች ቅናሽ እየሰጠ አስሯቸዋል» ብሎ ነው። በ2009 በ1.25 ቢሊዮን ዶላር ታረቁ። በዚያው ዓመት አውሮፓ ኢንቴል ላይ የጣለችው 1.06 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት በ2022 ተሻረ፤ መሻሩም በ2024 ጸና። አሥራ አምስት ዓመት በቺፕ ዓለም ብዙ ትውልድ ነው፤ ፍርዱ ሲመጣ የተከራከሩበት ገበያ ሌላ ሆኗል። ቺፕ ሳይሠሩ ፓተንት ይዘው የሚከሱም አሉ። ቪኤልኤስአይ የተባለው ድርጅት በ2021 ቴክሳስ ውስጥ ኢንቴል ላይ 2.18 ቢሊዮን ዶላር ቢያስፈርድም፣ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገንዘቡን አነሳበት።

በ2024 ደግሞ ኳልኮም የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ባለቤት የሆነውን ትራንሽን በፓተንት ከሰሰ። እነዚህ ስልኮች በእኛ ገበያ ተራው ሰው የሚይዛቸው ናቸው፤ ቴክኖ አገር ውስጥም ተገጣጥሟል። ክሱ ግን የተከፈተው ህንድ፣ ዴልሂ ነው። ፓተንት የሚጸናው በተመዘገበበት አገር ነውና፣ ከሳሽም የሚሄደው ፓተንት ወዳለበትና ፍርድ ቤቱ ወደሚመቸው አገር ነው።

በኢትዮጵያ የፓተንት ሕግ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ለ15 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ፈጠራው እዚህ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ተፎካካሪዎች ተመካክረው ዋጋ መወሰናቸውን ይከለክላል። የተፈጻሚነት ወሰኑም አገር ውስጥ በተደረገ ግብይት ብቻ አይታጠርም፤ ውጤቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታይ ግብይትንም ይጨምራል። የሜሞሪ ቺፑን ዓይነት ሴራ፣ ስልክ ተደውሎ ዋጋ የተቆረጠው ሴኡል ላይም ቢሆን፣ ድሬዳዋ ላይ ዕቃ አስወድዶ ከተገኘ እዚሁ ለመጠየቅ በር የሚከፍተው ይህ ድንጋጌ ነው።