ፎር ዊል ያስነሳል እንጂ አያቆምም፦ ስለ በረዶ መንዳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አገር ቤት መንዳት የተማረ ሰው ለፎር ዊል መኪና ያለው ክብር ከጭቃ የመጣ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የገጠሩ መንገድ ሲላቁጥ፣ ሌላው ተይዞ ሲቀር ላንድ ክሩዘሩ እያጓራ ይወጣል። ያ ሰው ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ፣ ካልጋሪ ወይም ስቶክሆልም ኖሮ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ «ፎር ዊል ይዤ ምን እሆናለሁ» ቢል አይፈረድበትም። ግን ጭቃና በረዶ ጠባያቸው ለየቅል ነው። በረዶ በጣለ ማግስት ከአውራ ጎዳና ዳር ቦይ ውስጥ ገብተው ከሚታዩት መኪኖች መካከል ትልልቅ ፎር ዊሎች አይጠፉም። ከሾፌሮች አፍ ደጋግመን የምንሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ፎር ዊል ስለሆነ ቶሎ ይቆማል»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ፎር ዊል ማለት የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም ጎማዎች ይደርሳል ማለት ነው። ፍሬን ግን የትኛውም መኪና፣ ትንሿ ቪትዝ ጭምር፣ በአራቱም ጎማዎች ላይ አለው። ስለዚህ ሲነሳ ብልጫ ያለው መኪና ሲቆም ምንም ብልጫ የለውም። እንዲያውም ክብደቱና ቁመቱ ትልቅ ስለሆነ ከተንሸራተተ በኋላ መመለሱ ይከብዳል።

ቁጥሩ ይህን ይመስላል። ጎማ ከደረቅ አስፋልት ጋር ያለው ሰበቃ (የመያዝ አቅሙ መለኪያ) 0.7 ያህል ነው። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ወደ 0.25 ይወርዳል፤ መስታወት በመሰለ ግግር ላይ 0.1 ቢገኝ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 30 ማይል ገደማ፣ የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በደረቁ 14 ሜትር፣ በተጠቀጠቀው በረዶ 40 ሜትር፣ በግግሩ 100 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ የሚያልፈው ርቀት ከዚህ ውጭ ነው፤ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ ሌላ 14 ሜትር ይጨመራል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በፊት ጎማ ብቻ የሚጎተት መኪና ከትራፊክ መብራት ሲነሳ ጎማው ባዶውን ይሽከረከርና መንገዱ እንደሚያንሸራትት ለሾፌሩ ይነግረዋል። ፎር ዊሉ ግን ምንም ሳይል ቀጥ ብሎ ይነሳል። ሾፌሩ የመንገዱን ክፋት የሚያውቀው 70 ደርሶ ፍሬን ሲይዝ ነው። ስለዚህ ከቤት እንደወጡ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል። ፔዳሉ ከእግር ሥር ቢንቀጠቀጥና ቢያጉረመርም ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ዘዴ) ሥራውን እየሠራ ነው። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ እግሩን ያነሳል፤ መነሳት የለበትም፣ መኪናው እስኪቆም እንደተረገጠ ይቆይ። በደረቅ ጊዜ ከፊት ካለው መኪና በ3 ሰከንድ ይርቁ ከነበረ በበረዶ ቢያንስ 6፣ ቢቻል 8 ያድርጉት።

ኩርባም ያው ነው። የፊት ጎማዎቹ መያዣ ካጡ መሪው የቱንም ያህል ቢጠመዘዝ መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ቦዩ ይሄዳል። ያኔ ነዳጅ መጨመርም መሪውን ይበልጥ መጠምዘዝም ያባብሳል። እግርን ከነዳጅ አንስቶ፣ መሪውን ጥቂት መልሶ፣ ጎማው እስኪይዝ መጠበቅ ነው። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይደረስ ነው።

«ፎር ዊል ላለው ሰው የበረዶ ጎማ ትርፍ ወጪ ነው»

አንድ ጎማ መሬት የሚነካው በመዳፍ ስፋት ያህል ብቻ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝነው መኪና አራት መዳፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ የሞተሩም የፍሬኑም የመሪውም ትእዛዝ በነዚያ አራት መዳፎች በኩል ያልፋል። የተለመደው ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት የሚባለው) ጎማ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየደደረ ይሄዳል። የበረዶ ጎማ ላስቲክ በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ የተቀመመ ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ በምላጭ የተተለተሉ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። ጎማው ሲረግጥ ይከፈቱና ጠርዛቸው በረዶውን ይነክሳል።

የጭቃ ልምድ የሚያሳስተውም እዚህ ነው። የጭቃ ጎማ ጭቃውን አሽቀንጥሮ ራሱን ማጽዳት አለበት። የበረዶ ጎማ ግን በረዶውን በጥርሶቹ መሃል ጠቅጥቆ መያዝ አለበት፤ በረዶ ከላስቲክ ይልቅ በረዶን አጥብቆ ይይዛልና። ልጆች በረዶ አድቦልቡለው ሲወራወሩ ኳሱ የማይበተነው በዚሁ ምክንያት ነው። ግዙፍ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ጥልቅ በረዶ ቢቀዝፍም ግግር ላይ ሲደርስ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትተው ስንጥቁ ጥቂት፣ መሬት የሚነካው ላስቲክም ትንሽ ስለሆነ ነው።

በፊት ጎማ የምትጎተት ትንሽ መኪና አራት ጥሩ የበረዶ ጎማ ካላት፣ ኦል ሲዝን ካጠለቀ ፎር ዊል ባነሰ ርቀት ትቆማለች። ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው ጎማውን ይግዛ እንላለን። ወጪውም እንደሚመስለው ትልቅ አይደለም፤ የበረዶ ጎማው ሲሠራ ሌላው አርፎ ስለሚቀመጥ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል። ፊት ላይ ሁለት ብቻ መግጠም ግን ጣጣ አለው። የፊቱ ሲይዝ የኋላው ይሸሽና መኪናው ኩርባ ላይ ዞሮ ይቀራል።

ሲገዙ የጎማውን ጎን ያንብቡ። «ኤም ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ) የሚሉት ፊደላት ስለ ጥርሱ ቅርጽ የሚነገር የአምራቹ ቃል ብቻ ናቸው። በበረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፉን የሚያሳየው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ነው። ጀርመን ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በበረዶ መንገድ የምትቀበለው ይህንኑ ምልክት ብቻ ነው። በካናዳዋ ኪዩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው፤ መኪናው ፎር ዊል ነው ተብሎ አይታለፍም። ኮሎራዶ ውስጥ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የኢንተርስቴት 70 ተራራማ መንገድ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ የፎር ዊል መኪና የጎማ ጥርስ እንኳ ቢያንስ 3/16 ኢንች ጥልቀት፣ ማለትም 4.8 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ሊኖረው ይገባል። ያላሟላ ከ130 ዶላር በላይ ይቀጣል፤ መንገድ ከዘጋ ደግሞ ቅጣቱ ከ650 ዶላር ያልፋል። ጥልቀቱን የምትለካው ትንሽ መሣሪያ ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው።

«ፎር ዊልም ኦል ዊልም ያው ነው»

አይደለም። እንደ ሃይሉክስና እንደ ድሮው ላንድ ክሩዘር 70 ባሉት ላይ ሾፌሩ ራሱ ነው ፎር ዊሉን የሚያስገባው። ሲገባ የፊትና የኋላ አክስሎች እኩል እንዲዞሩ ይቆለፋሉ። መኪና ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳሉ። በረዶ ላይ ጎማው ትንሽ ሸተት እያለ ልዩነቱን ያስተነፍሰዋል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ መውጫ ስለሌለው መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ይንገጫገጫል፣ በመጨረሻ የትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ክፍል) ጥርስ ይበላል። መንገዱ ደረቅ ሲሆን ወደ ቱ ሃይ (ሁለት ጎማ ብቻ ወደሚነዳበት ማርሽ) ይመለሱ፤ ያኔ ደግሞ መኪናው በኋላ ጎማ ብቻ እየተገፋ ነውና ባዶ ፒክአፕ ከሆነ ጭራው ይወዛወዛል።

አሁን ከሚሸጡት የቤተሰብ መኪኖች ብዙዎቹ ኦል ዊል፣ ማለትም ሾፌሩ ሳያስገባው ራሱ የሚሠራ፣ ናቸው። ብዙዎቹ በደህናው ጊዜ በፊት ጎማ እየሄዱ፣ የፊቱ መሽከርከር ሲጀምር ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ወደ ኋላ ያካፍላል። እነዚህ የአራቱም ጎማ መጠን እኩል እንዲሆን ይፈልጋሉ። ሱባሩ በጎማዎቹ ዙሪያ መካከል ከ1/4 ኢንች በላይ ልዩነት እንዳይኖር ያዛል። አንድ ጎማ ፈንድቶ አንድ አዲስ ብቻ ሲገጠም ዙሪያው ስለሚበልጥ ማከፋፈያው ያለ ዕረፍት እየሠራ ይግላል፤ ጥገናው ከአራት ጎማ ዋጋ ይበልጣል።

«ፎር ሎው ሲገባ ይበልጥ ይይዛል»

ፎር ሎው፣ ማለትም የፎር ዊሉ ዝግተኛ ማርሽ፣ ጉልበቱን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ያበዛል። በረዶ ላይ የጎደለው ጉልበት ሳይሆን መያዣ ነው፤ ብዙ ጉልበት ጎማውን በቶሎ ያሽከረክረዋል። ለመንገድ ተራው የፎር ዊል ማርሽ፣ ፎር ሃይ፣ ይበቃል። ፎር ሎው ለቀጥ ያለ ቁልቁለትና ከጥልቅ በረዶ ቀስ ብሎ ለመውጣት ይቆይ።

«በበረዶ ጊዜ የጎማ ንፋስ መቀነስ ጥሩ ነው»

ይህ ከአሸዋ የተወሰደ ልምድ ነው። ብርዱ ራሱ ንፋሱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ገደማ ይጠፋል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለክተው በሾፌሩ በር ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ያህል ይሙሉ።

«ፎር ዊል ሰንሰለት አያስፈልገውም»

ካሊፎርኒያ የሴራ ኔቫዳ መንገዶች ላይ «አር 2» (ሁለተኛው የሰንሰለት ግዴታ ደረጃ) ሲታወጅ ፎር ዊል በአራቱም ላይ የበረዶ ጥርስ ያለው ጎማ ካለው ጎማው ላይ ሰንሰለት ሳያስር ያልፋል፤ በመኪናው ውስጥ ግን መያዝ አለበት። «አር 3» ሲሆን ማንም ሳያስር አያልፍም። የትኛው አክስል ላይ እንደሚታሰር የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይነግራል። ደረቅ ቀን ግቢ ውስጥ አንዴ ይለማመዱት፤ በጨለማና በደነዘዘ ጣት የሚማሩት ነገር አይደለም። ካሰሩ በኋላ ጥቂት መቶ ሜትር ሄደው ደግመው ያጥብቁ፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አይንዱ።

«ከተያዘ ነዳጅ ረገጥ ነው»

ለጭቃ ይሠራል። በረዶ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ሥሩን አሙቆ ያቀልጠዋል፤ ውሃው መልሶ ግግር ይሆንና ጎማው በራሱ ጉድጓድ ይቀበራል። መጀመሪያ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ፣ ከመኪናው ሆድ ሥርም፣ በአካፋ ይጥረጉ። መሪውን ቀጥ ያድርጉ። ከሚነዱት ጎማዎች ፊት አሸዋ ወይም የድመት አሸዋ (ድመቶች ቤት ውስጥ የሚጸዳዱበት ደረቅ ጠጠር) ይበትኑ። የትራክሽን መቆጣጠሪያው (ጎማ ባዶውን እንዳይሽከረከር የሚከለክለው ዘዴ) ጉልበቱን እየቆረጠ አላንቀሳቅስ ካለ ለጊዜው ያጥፉት። ከዚያ በስሱ ነዳጅ እየሰጡ ወደፊት፣ ፈጽሞ ሲቆም ወደኋላ እያሉ ያወዛውዙት፤ ጎማው እየዞረ ማርሽ መቀየር ካምቢዮውን ይጎዳዋል።

እርዳታ እየጠበቁ ሞተር አስነስተው መሞቅ ካስፈለገ አስቀድመው ወርደው የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከበረዶ ያጽዱ፤ በረዶው እየወረደ ከሆነም በየአሥር ደቂቃው ይመልከቱት። ከተደፈነ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል። ሞተሩን በሰዓት አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ያሠሩ፤ ነፋሱ ከማይመታው ወገን ያለውን መስኮት ጣት በሚያሳልፍ ስፋት ክፍት ይተዉት።