ስንዴ ነጋዴውና የኢኮኖሚክስ ተማሪው

ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

በካቶሊክ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ (ከዋናው ትምህርት ጋር ፍልስፍናና ነገረ መለኮትም በሚሰጥበት) ኢኮኖሚክስ የሚያጠኑ ልጆች የሚያጉረመርሙባት ነገር አለች። «የምቀጠረው በኤክሴልና በስታትስቲክስ ነው፤ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ምን ይሠራልኛል?» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለው ጓደኛቸው በዚያው ሰዓት ተጨማሪ ሒሳብ እየተማረ ነው።

መልሱን ግን አንድ ስንዴ ነጋዴ ዘንድ ታገኙታላችሁ። የነገረ መለኮት ሊቁ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስለ መሸጥና መግዛት ሲያስተምር ያነሳው ነው። ነጋዴው ስንዴ ወደተወደደበት አገር ጭነቱን ይዞ ይደርሳል። ከኋላው ሌሎች ብዙ ነጋዴዎች እየመጡ እንደሆነ ያውቃል። ገዢዎቹ አያውቁም። ቢነግራቸው ዋጋው ይወርዳል። ታዲያ ዝም ብሎ በዕለቱ ዋጋ ቢሸጥ በደለ ማለት ነው?

አብዛኞቻችን «አዎ፣ ስግብግብ!» ለማለት እንቸኩላለን። ቶማስ አልቸኮለም። ዋጋው የሚወርደው ገና ወደፊት ነው፤ ነጋዴው ዛሬ ባገኘው ዋጋ ቢሸጥ ፍትሕን አልጣሰም አለ። ስንዴው ራሱ ገዢውን የሚጎዳ ስውር ጉድለት ቢኖረው ኖሮ ግን መናገር ግዴታው ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፦ ነጋዴው ቢነግራቸው ወይም ዋጋውን ቢቀንስ የበለጠ በጎነት ነው፤ ፍትሕ ግን አያስገድደውም።

ይህቺን ፍርድ ልብ በሏት። ቶማስ አቅርቦት ሲጨምር ዋጋ ምን እንደሚሆን ባይገባው ኖሮ እንዲህ ለይቶ መፍረድ አይችልም ነበር። መልካም ልብ ብቻውን አይበቃም። ድኻው ይጠግብ ብሎ የዳቦ ዋጋ ላይ ጣሪያ የሚያስቀምጥ፣ ግን ጋጋሪው ወጪውን በምን እንደሚሸፍን ያልጠየቀ ሰው፣ ዳቦውን ጭራሽ ከመደርደሪያው ሊያጠፋው ይችላል።

ደመወዝ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በክፍል ውስጥ በግራፍ ላይ ሁለት መስመሮች ይሣላሉ፣ አንዱ የሠራተኛ አቅርቦት ሌላው ፍላጎት፤ የሚገናኙበት ነጥብ ደመወዝ ይባላል። አሠሪም ሠራተኛም ተስማምተዋል፣ አለቀ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው እዚህ ላይ አላለቀም አሉ። ሠራተኛው የተስማማው ቸግሮት፣ ወይም የባሰ እንዳይመጣበት ፈርቶ ከሆነ፣ የግፍ ሰለባ ነው። ደመወዙ በቁጠባ የሚኖርን ሠራተኛ ሊያኖረው ይገባል፤ ይህም ከማንኛውም ውል የሚቀድም ፍትሕ ነው። ያዕቆብም (5፥4) የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይነግረናል። ግራፉ ሰውየው ስንት እንደተቀበለ ያሳያል። እምቢ ማለት ይችል እንደነበር አያሳይም። ይህን ለመጠየቅ ነው ነገረ መለኮቱ ያስፈለገው።

ሆኖም የሊዮ መልእክት ደመወዙ ስንት ይሁን የሚለውን አስልቶ አይሰጣችሁም። ዝቅተኛው ደመወዝ ከፍ ቢል ማን ሥራ ያጣል፣ ማን ይጠቀማል የሚለውንም እንዲሁ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ ክርስቲያን የምታቀርበው የተዘጋጀ የኢኮኖሚ ሞዴል የላትም ብለው በግልጽ ጽፈዋል። ያ ስሌት የእኛ የምእመናኑ ሥራ ነው። አንዳንድ መንፈሳዊ ተማሪዎች (ታውቃላችሁ እነማን እንደሆኑ) ከባድ ኮርስ ሲመጣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ይተኛሉ። እሱማ ያውቃል፤ ፈተናው ላይ የምትቀመጡት ግን እናንተ ናችሁ። መቁጠሪያችሁን ጸልዩና ወደ ሪግሬሽኑ፣ ወደዚያ የስታትስቲክስ ስሌት፣ ተመለሱ።