ኦፕን ሲስተም ኮል ምንድን ነው? ፕሮግራም ፋይል ሲከፍትና ሲፈጥር ከርነሉ ውስጥ የሚሆነው

ፕሮግራም ዲስክን በቀጥታ መንካት አይፈቀድለትም። ማንበብ ወይም መጻፍ ሲፈልግ ከርነሉን፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ይጠይቃል፤ የመጠየቂያው መንገድ ሲስተም ኮል ይባላል። ከእነዚህ ጥሪዎች አንዱ የሆነው ኦፕን የፋይል ስም ተቀብሎ ቁጥር ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የሚነበበውም፣ የሚጻፈውም፣ የሚዘጋውም በዚያ ቁጥር እንጂ በስሙ አይደለም። በሲ፣ በፓይተን ወይም በጃቫ የተጻፈ የፋይል መክፈቻ ሁሉ በሊኑክስ ላይ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ይደርሳል።

ጥሪው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፋይሉ አለ ወይ፣ ከሌለ ይፈጠር ወይ፣ ካለ ባዶ ይደረግ ወይ፣ ማን ይንካው የሚሉት ውሳኔዎች በሙሉ የሚያልቁት እዚያው ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሹትም ውሳኔውን በአንድ ጥሪ ለከርነሉ ከመስጠት ይልቅ በራሳቸው ኮድ ከፋፍለው ሊወስኑ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ናቸው።

ኦፕን የሚቀበለው ሦስት ነገር ነው፦ የፋይሉን መንገድ፣ ፍላጎች (ፋይሉ እንዴት እንደሚከፈት የሚወስኑ ምርጫዎች)፣ እና አዲስ ፋይል የሚፈጠር ከሆነ ፈቃዱን። ዛሬ ያለው ጂሊብሲ (በሊኑክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) ኦፕን ሲባል በውስጡ የሚጠራው ኦፕንአትን ነው፤ እሱ ተጨማሪ አንድ ነገር ይቀበላል፣ መንገዱ ከየትኛው ዳይሬክተሪ እንደሚቆጠር። የፕሮግራምን ሲስተም ኮሎች በሚያሳየው ስትሬስ ኦፕን ብቻ ብሎ የሚፈልግ ሰው ባዶ ውጤት የሚያየው ለዚህ ነው፤ መፈለግ ያለበት ኦፕንአትን ነው።

ከፍላጎቹ መካከል አንዱ ግዴታ ነው፦ ለማንበብ ብቻ 0፣ ለመጻፍ ብቻ 1፣ ለሁለቱም 2። እነዚህ ሦስቱ እንደሌሎቹ ፍላጎች የሚደመሩ ቢቶች አይደሉም። የማንበቢያውንና የመጻፊያውን አጣምሮ ሁለቱንም አገኛለሁ ያለ ሰው 0 እና 1 ደምሮ 1 ያገኛል። ፋይሉ ይከፈታል፣ መጻፉም ይሠራል፤ ሲነበብ ግን ስህተት ቁጥር 9 ይመጣል።

ስሙ እንዴት ይፈለጋል

ከርነሉ መንገዱን በእዝባሩ (/) እየከፋፈለ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። በእዝባር የሚጀምር መንገድ ከሩት፣ ማለትም ከሁሉም በላይ ካለው ዳይሬክተሪ፣ ይነሳል፤ ካልጀመረ ፕሮሰሱ (እየሠራ ያለው ፕሮግራም) አሁን ካለበት ዳይሬክተሪ ይነሳል። የፕሮግራሙ ፋይል ከተቀመጠበት ቦታ አይደለም። በእጅ ሲነሳ የሚሠራ ስክሪፕት ሥራዎችን በሰዓታቸው በሚያስነሳው በክሮን ሲነሳ "ፋይሉ የለም" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ክሮን የሚያስነሳው ከተጠቃሚው ሆም ዳይሬክተሪ ነው።

በመንገዱ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ዳይሬክተሪ ላይ ፕሮሰሱ የኤክስ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በዳይሬክተሪ ላይ ኤክስ ማለት ማለፍ ነው፤ አር ደግሞ በውስጡ ያሉትን ስሞች መዘርዘር። ስሙን ለሚያውቅ ሰው አር ሳይኖር ኤክስ ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ ፋይሉን 777 (ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ) ማድረግ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ያለ ዳይሬክተሪ የዘጋውን በር አይከፍትም። ፈቃድ ተከለከለ የሚል መልስ ሲመጣ ፋይሉን ብቻ ማየት ጊዜ ማባከን ነው፤ ኔምአይ የተባለው ትእዛዝ በኤል አማራጩ ከሩት እስከ ፋይሉ ያለውን የእያንዳንዱን ደረጃ ባለቤትና ፈቃድ በአንድ ጊዜ ያሳያል።

የስም ርዝመትም ወሰን አለው። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች አንድ ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ ሙሉው መንገድ ደግሞ መዝጊያውን ባዶ ባይት ጨምሮ 4096 ነው። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ ለአማርኛ ስም 85 ፊደል ነው ጣሪያው። በላቲን ስሞች ተፈትኖ ያለፈ ፕሮግራም በረጅም የአማርኛ ርእስ ፋይል ሲፈጥር ስህተት 36 ቢያወጣ የሚገርም አይደለም።

የሚመለሰው ቁጥር

ቁጥሩ ፋይል ዲስክሪፕተር ይባላል፤ ሁልጊዜም በዚያ ፕሮሰስ ውስጥ ካልተያዙት ትንሹ ነው። 0፣ 1 እና 2 ለግብአት፣ ለውጤትና ለስህተት መልእክት ቀድመው ስለሚያዙ የመጀመሪያው ፋይል ብዙውን ጊዜ 3 ያገኛል። ጥሪው ካልተሳካ አሉታዊ 1 (-1) ይመለሳል፣ የከሸፈበት ምክንያት ደግሞ ኤርኖ በተባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ይቀመጣል። ኤርኖን ወዲያው ማንበብ ነው፤ መሃል ላይ የተጠራ ሌላ ፈንክሽን ሊለውጠው ይችላል።

0 ትክክለኛ መልስ መሆኑ ይዘነጋል። ግብአቱ ተዘግቶ የተነሳ ፕሮሰስ የመጀመሪያውን ፋይል በ0 ይከፍታል፤ ስለዚህ መፈተሽ ያለበት "ከ0 በታች ነው ወይ" ተብሎ ነው። በሲ ደግሞ ይህን ፍተሻ ከምደባው ጋር በአንድ መስመር የሚጽፍ ሰው ምደባውን በቅንፍ ካላጠረ ንጽጽሩ ይቀድማል፤ ተለዋዋጩ ውስጥ የሚገባው የንጽጽሩ ውጤት፣ ማለትም 0፣ ይሆናል። ፕሮግራሙ ፋይሉን አንብቤያለሁ ብሎ ከኪቦርድ ይጠብቃል። ኮምፓይለሩ ዋል በተባለው የማስጠንቀቂያ አማራጭ ቢሮጥም ሁልጊዜ አያስጠነቅቅም።

ከቁጥሩ ኋላ ሦስት ነገር አለ። አንደኛው በፕሮሰሱ ውስጥ ያለው የዲስክሪፕተሮች ሠንጠረዥ ነው። ሁለተኛው በከርነሉ ውስጥ የተከፈተው ፋይል መዝገብ ሲሆን የት ደርሰናል የሚለውን ቦታና ፍላጎቹን ይይዛል። ሦስተኛው ፋይሉ ራሱ፣ ማለትም ፋይል ሲስተሙ ስለ ፋይሉ የያዘው መዝገብ፣ አይኖዱ ነው። አንድን ፋይል ሁለት ጊዜ መክፈት ሁለት የተለያየ ቦታ ይሰጣል፤ በፎርክ (ፕሮሰስን በሚያባዛው ጥሪ) ወይም በዱፕ (ዲስክሪፕተርን በሚያባዛው) የተባዛ ዲስክሪፕተር ግን ያንኑ አንድ ቦታ ይጋራል። ሁለት ፕሮሰሶች አንድን የሎግ ፋይል ለየብቻ ከፍተው ሲጽፉ አንዱ የሌላውን የሚደመስሰው እያንዳንዱ በራሱ ቦታ ስለሚጽፍ ነው። መፍትሔው ኦ_አፔንድ ነው፤ ከርነሉ በእያንዳንዱ መጻፍ ቦታውን ወደ ፋይሉ መጨረሻ አዛውሮ ሳያቋርጥ ይጽፋል። በኔትወርክ በሚሠራው ፋይል ሲስተም በኤንኤፍኤስ ላይ ግን ይህ ዋስትና የለም።

መፍጠር

ኦፕን አዲስ ፋይል የሚፈጥረው ኦ_ክሪየት ከተሰጠው ብቻ ነው። ብቻውን ሲሰጥ "ካለ ክፈት፣ ከሌለ ፍጠር" ማለት ነው። ኦ_ትራንክ ሲጨመርበት ፋይሉ ካለ ርዝመቱ 0 ይሆናል፤ ያውም በመክፈቻው ቅጽበት፣ አንድ ባይት ሳይጻፍ። በሲም ሆነ በፓይተን ደብልዩ የሚባለው ሞድ እነዚህን ሁለቱን ያካትታል። ስለዚህ የድሮውን ይዘት ሊያሻሽል ፋይሉን በደብልዩ ከፍቶ በመሃል የወደቀ ፕሮግራም አዲሱንም አሮጌውንም ያሳጣል።

ሦስተኛው ኦ_ኤክስክል ነው። ከኦ_ክሪየት ጋር ሲሰጥ "ፍጠር፣ ካለ ግን እምቢ በል" ይላል፤ ፋይሉ ካለ ስህተት 17 ይመጣል። ዋናው ጥቅሙ መፈተሹና መፍጠሩ የማይነጣጠሉ መሆናቸው ነው። ብዙ ኮድ ግን መጀመሪያ "ፋይሉ አለ ወይ" ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ በሌላ ጥሪ ይፈጥራል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮሰከንድ ቢሆንም ሌላ ፕሮሰስ ይገባበታል። ሁለት ፕሮሰሶች ሁለቱም "የለም" የሚል መልስ አግኝተው ሁለቱም ይፈጥራሉ።

ሁሉም ተጠቃሚ በሚጽፍበት እንደ ቴምፕ ባለ ዳይሬክተሪ ይህ ክፍተት የደህንነት ቀዳዳ ነው። አጥቂው በሚጠበቀው ስም ወደ ሌላ ፋይል የሚያመላክት ሲምቦሊክ ሊንክ ያስቀምጣል፤ በሩት፣ ማለትም በሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ፈቃድ የሚሠራው ፕሮግራም ሳያውቅ ያንን ፋይል ይደመስሳል። ሁለቱ ፍላጎች አንድ ላይ ሲሰጡ ግን ከርነሉ በመንገዱ መጨረሻ ያለን ሊንክ አይከተልም፣ ወደሌለ ፋይል የሚያመለክት ቢሆን እንኳ። ለጊዜያዊ ፋይል ስም በራስ ከመፍጠር ኤምኬኤስቴምፕ የተባለውን ፈንክሽን መጠቀም የሚመረጠው እነዚህኑ ፍላጎች ተጠቅሞ ፋይሉን በ0600 ስለሚፈጥር ነው። በፓይተን ከ3.3 ጀምሮ ያለው የኤክስ ሞድም ይህንኑ ይሠራል።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ የተሰጠው ቁጥር እንዳለ አይወሰድም፤ በዩማስክ፣ ማለትም የማይሰጡትን ፈቃዶች በሚወስነው የፕሮሰሱ ቁጥር፣ ይጣራል። 0666 ተጠይቆ ዩማስኩ 022 ከሆነ ፋይሉ 0644 ሆኖ ይፈጠራል። ብዙ ሰው ይህን መቀነስ ይለዋል፣ በዚህ ምሳሌም መልሱ ይገጥማል። ዩማስኩ 027 ሲሆን ግን መቀነሱ 0637 የሚል ትርጉም የለሽ ቁጥር ይሰጣል፤ ትክክለኛው 0640 ነው፣ ምክንያቱም ዩማስክ የሚያጠፋው ቢቶችን ነው።

ቁጥሩ በኦክታል (በስምንት መሠረት) መጻፍ አለበት። በሲ ፊት ያለውን ዜሮ ረስቶ 644 የጻፈ ሰው በኦክታል 1204 ሰጥቷል፦ ባለቤቱ መጻፍ እንጂ ማንበብ የማይችል፣ ከባለቤቱና ከግሩፑ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ግን የሚያነበው ፋይል ይፈጠራል። ኦ_ክሪየትን ሰጥቶ ሦስተኛውን ነገር ጨርሶ መተው ደግሞ ይብሳል፤ እዚያ ቦታ ላይ የተገኘው የዘፈቀደ ቁጥር ፈቃድ ይሆናል።

ይህ ፈቃድ የሚሠራው ለአዲስ ፋይል ብቻ ነው። የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥ ፕሮግራም 0600 ቢሰጥም ፋይሉ ቀድሞ በ0644 ካለ በ0644 ይቀራል፣ ስህተትም አይመጣም። በተጨማሪ ፈቃዱ የሚመረመረው ከዚህ በኋላ በሚመጡ መክፈቻዎች ላይ ነው፤ በ0400 ተፈጥሮ ለመጻፍ የተከፈተ ፋይል በዚያው ዲስክሪፕተር ያለ ችግር ይጻፍበታል።

ሲከሽፍ

ስህተት 2 "የለም" ማለት ነው፣ ግን የጎደለው ፋይሉ ላይሆን ይችላል። ኦ_ክሪየት ዳይሬክተሪ አይፈጥርም፤ በመንገዱ መሃል አንድ ዳይሬክተሪ ቢጎድል ይኸው 2 ነው የሚመጣው። 21 ዳይሬክተሪን ለመጻፍ ሲከፍቱ፣ 30 ደግሞ ፋይል ሲስተሙ ለንባብ ብቻ ሲሆን ይመጣል።

28 ቦታ አልቋል ይላል። የዲስክ ቦታን የሚያሳየው ትእዛዝ ዲኤፍ ባዶ ቦታ እያሳየ ይህ ስህተት ከመጣ ያለቁት አይኖዶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዲኤፍን በአይ አማራጩ ማስኬድ ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ ትልቅ የሎግ ፋይል ተሰርዞ ቦታው አይለቀቅም። ፋይሉን የከፈተ ፕሮሰስ እስካለ ድረስ ስሙ ቢጠፋም አይኖዱ በሕይወት ይኖራል።

24 ፕሮሰሱ የተፈቀደለትን የዲስክሪፕተር ብዛት መጨረሱን ይናገራል። የተለመደው ገደብ 1024 ሲሆን ዩሊሚት በተባለው ትእዛዝ ይታያል። ገደቡን ከፍ ማድረግ የብዙዎች የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ የሚሻለው ግን መጀመሪያ ፕሮክ በተባለው ዳይሬክተሪ ሥር ባለው የፕሮሰሱ ኤፍዲ ዳይሬክተሪ ውስጥ ምን እንደተከፈተ ማየት ነው። አንድ ፋይል መቶ ጊዜ ተዘርዝሮ ከተገኘ ችግሩ የማይዘጋ ኮድ ነው፤ ገደቡን ማሳደግ የሚወድቅበትን ሰዓት ብቻ ያዘገያል። ዲስክሪፕተሮች ወደሚነሱ ሌሎች ፕሮግራሞች እንዳይተላለፉ ኦ_ክሎኤግዜክን በመክፈቻው ላይ መስጠት ይገባል። በኋላ በሌላ ጥሪ ማድረግ ብዙ ስሬድ ባለው ፕሮግራም ውስጥ ያንኑ የመካከል ክፍተት ይፈጥራል።

በዊንዶውስ ላይ ሥራው የክሪየትፋይል ነው፤ ስሙ መፍጠር ይበል እንጂ ያለውንም የሚከፍተው እሱ ነው። ምርጫዎቹ በፍላግ አይጣመሩም፣ ከ1 እስከ 5 ካሉት አንዱ ይሰጣል፤ ለምሳሌ 1 "አዲስ ብቻ"፣ 3 "ያለውን ብቻ" ነው። ከዩኒክስ የሚለየው ደግሞ ከፋቹ ሌሎች ምን እንዲያደርጉ እንደሚፈቅድ መናገሩ ነው። የማጋሪያው ቁጥር 0 ከሆነ ፋይሉ እስኪዘጋ ድረስ ሌላ ማንም ሊከፍተው ሲሞክር ስህተት 32 ያገኛል።

ያለን ፋይል በአዲስ ይዘት በደህና ለመተካት በዩኒክስ የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፦ በዚያው ዳይሬክተሪ ውስጥ በኦ_ክሪየትና በኦ_ኤክስክል ጊዜያዊ ፋይል መፍጠር፣ ጽፎ ኤፍሲንክ ማድረግ (የተጻፈው በእርግጥ ዲስኩ ላይ እንዲደርስ ማስገደድ)፣ መዝጋት፣ ከዚያ ስም በሚቀይረው ጥሪ በሪኔም በዋናው ስም ላይ ማስቀመጥ። ሪኔም ሳይከፋፈል በአንድ ጊዜ ስለሚፈጸም አንባቢው ወይ አሮጌውን ወይ አዲሱን ሙሉ ያገኛል። ጊዜያዊው ፋይል በሌላ ፋይል ሲስተም ላይ ከተፈጠረ ሪኔም በስህተት 18 ይከሽፋል። መብራት ቢጠፋ አዲሱ ስም እንዲቀር ደግሞ ዳይሬክተሪውን ራሱን ለንባብ ከፍቶ ኤፍሲንክ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የፋይሉ ኤፍሲንክ ይዘቱን እንጂ በዳይሬክተሪው ውስጥ ያለውን የስም መዝገብ አያረጋግጥም።