በሥራ ቦታ «ማብቃት» ሲባል ምን ማለት ነው? ከአረጋውያን እንክብካቤ አንፃር

ብዙ ኃላፊዎች «ሠራተኞቻችንን አብቅተናል» ሲሉ ሥልጠና ሰጠን፣ አመሰገንን፣ አበረታታን ማለታቸው ነው። ሦስቱም መልካም ናቸው። ማብቃት ግን ሠራተኛው የሚያውቀውን ሥራ ላይ እንዲያውል ሥልጣኑን፣ መረጃውንና ቁሳቁሱን እጁ ላይ ማድረግ ነው።

በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናት ገላቸውን የሚታጠቡበት ሰዓት ደርሷል እንበል። የውሃውን ድምፅ ሲሰሙ አንሶላቸውን ጨምድደው ይይዛሉ፤ ይጮኻሉ፤ የተንከባካቢዋን እጅ ይገፈትራሉ። ተንከባካቢዋ ግን አንድ ነገር አስተውላለች። እኚሁ እናት ከሰዓት በኋላ፣ የሞቀ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል ተደርጎላቸው፣ የሚሆነው ሁሉ ቀስ ተብሎ እየተነገራቸው ሲሆን ያለ ጭንቀት ይታጠባሉ። መርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈው ግን «ጠዋት» ነው።

ይህቺ ተንከባካቢ ሰዓቱን ራሷ ለውጣ፣ ምክንያቱን መዝግባ፣ በፈረቃ ርክክብ ላይ ለምትተካት ባልደረባዋ መንገር ከቻለች በቅታለች። «ማን አዘዘሽ?» መባልን ፈርታ እኚያን እናት እያስጮኸች የምታጥብ ከሆነ ግን ስንት ሥልጠና ብትወስድ አልበቃችም።

አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር ሮዛቤት ሞስ ካንተር ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1977 ሲያብራሩ፣ ሰው በሥራው ላይ የሚያሳየው ትጋትም ሆነ ቸልተኝነት ከባሕርዩ ይበልጥ ከተቀመጠበት ቦታ የሚመነጭ ነው ብለዋል። ስለዚህ የሚጠየቀው ሠራተኛው መረጃ ያገኛል ወይ፣ የሚደግፈው አለ ወይ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር ይቀርብለታል ወይ፣ የመማርና የማደግ ዕድልስ አለው ወይ ነው። በኋላም ካናዳዊቷ የነርሲንግ ፕሮፌሰር ሄዘር ላሽንገር ይህንኑ ሐሳብ በነርሶች ሥራ ላይ ለዓመታት አጥንተውታል።

ማብቃት ውስጣዊ ገጽታም አለው። የሥራ አመራር ምሁሯ ግሬቸን ስፕራይትዘር እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት በአራት ስሜቶች ለክተውታል፦ ሥራዬ ትርጉም አለው፣ እችለዋለሁ፣ አሠራሬን ራሴ እወስናለሁ፣ የማደርገው ለውጥ ያመጣል። እነዚህ ስሜቶች ግን በምክር ብቻ አይመጡም። ጓንት ባለቀበት መደርደሪያ ፊት፣ ሌሊቱን ለብቻዋ የቆመችን ተንከባካቢ «አንቺ እኮ ትችያለሽ» ማለት ሸክም መጨመር ነው። ኃላፊነት ያለ ሥልጣን ሲሰጥ ሰው ያደክማል፤ ጎበዞቹንም ቀድሞ ያስለቅቃል።

የኃላፊዎቹ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለእኔ ግን ዋናው ቋጠሮ እዚያ ነው። አንዲት የክፍል ኃላፊ በቀንና በሌሊት ፈረቃ የተከፋፈሉ በርካታ ሠራተኞች ይኖሯታል፤ አንዳንዶቹን በወር አንዴ እንኳ አታገኛቸውም። በጀቱ የሚወሰነው ከእሷ በላይ ነው፤ ለታመመ ሠራተኛ ምትክ ለመቅጠርም ፈቃድ ትጠብቃለች። እሷ ራሷ ካልበቃች ማንን ታበቃለች? ማንንም ሳያሰናብቱ በእሷ ሥር የሚመደቡትን ሠራተኞች ቁጥር ማሳነስና በትንሽ ወጪ ላይ በራሷ እንድትወስን መፍቀድ ከየትኛውም የአመራር ሥልጠና ይቀድማል።

በእጇ ያለውም ቀላል አይደለም። በርክክብ ሰዓት «ዛሬ ምን አስተዋልሽ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ለተነሳው ጥያቄም መልስ ይዛ ትመለሳለች፤ መልሱ «አልተቻለም» ቢሆንም እንኳ። ስህተት ሲፈጠር «ማነው?» ከማለቷ በፊት «እንዴት ሆነ?» ትላለች። ወሰኑንም ሳታድበሰብስ ታስቀምጣለች፦ የመታጠቢያ ሰዓት፣ የምግብ ቅደም ተከተል፣ የመኝታ ሰዓት ከአረጋውያኑ ጋር ተነጋግረሽ የምትለውጪው ነው፤ የመድኃኒት መጠን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነካም። ወሰኗን በትክክል የምታውቅ ተንከባካቢ እዚያች እናት አልጋ አጠገብ ቆማ ፈቃድ አትጠብቅም፤ ውሃውን ትዘጋና አንሶላቸውን መልሳ ታለብሳቸዋለች።