የሾስታኮቪች 7ኛ ሲምፎኒ በቀረጻ ሲደመጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳር ቋሚ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የላትም። ስለዚህ ከመቶ ሰው ያላነሰ ኦርኬስትራ የሚጠይቅ ሥራ ጣና ዳር ላለ አድማጭ የሚደርሰው በቀረጻ ነው፤ ቀረጻውን የምናጫውትበት መንገድ ከተበላሸም ሙዚቃው አብሮ ይበላሻል። የሶቪየቱ የሙዚቃ ደራሲ የዲሚትሪ ሾስታኮቪች 7ኛ ሲምፎኒ፣ በተለምዶ «ሌኒንግራድ» የሚባለው፣ በዚህ በኩል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሥራ ነው። ደራሲው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ1941 ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ውስጥ ጽፎ፣ አራተኛውን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኩይቢሼቭ (የዛሬዋ ሳማራ) ከተማ ጨረሰው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1942 በካርል ኤሊያስበርግ መሪነት በረሃብ የተዳከሙ ሙዚቀኞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር በተከበበችው ሌኒንግራድ ተጫወቱት፤ በድምፅ ማጉያም በከተማው ተሰማ። እንደ አጨዋወቱ ከ70 እስከ 85 ደቂቃ ይወስዳል።

«ቀረጻው ችግር አለበት፣ ድምፁ አይሰማም»

ብዙ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከተጀመረ 6 ወይም 7 ደቂቃ ግድም ሙዚቃው እየሳሳ ሄዶ ሊጠፋ ይደርሳል። ከዚያ ስኔር ድራም (የወታደር ሰልፍ ከበሮ) በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ይነሳል፤ ከእሱ ጋር የሰልፍ ዜማ ይጀምራል። አድማጩ ምንም ስለማይሰማው ቮሊዩሙን ይጨምራል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ያው ሰልፍ ሙሉ ኦርኬስትራ ይዞ ሲመጣ ጆሮ ያደነቁራል፣ ትንሽ ስፒከር ከሆነም መንጫጫት ይጀምራል። ያን ጊዜ ተደናግጦ ይቀንሳል። ቀጥሎ የሚመጣው የባሱን (ባሱን ወፍራም ድምፅ ያለው የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ነው) ለቅሶ ደግሞ ያልፈዋል፤ አይሰማውም። እጁ ከቮሊዩም ሳይነሳ ሲምፎኒው ያልቃል።

ቀረጻው ጤነኛ ነው። ሬዲዮ ላይ የምንሰማው ዘፈን ዝቅተኛውና ከፍተኛው ድምፅ እንዲቀራረብ ተደርጎ ይሠራል፤ ጥሩ የሲምፎኒ ቀረጻ ግን ልዩነቱን ይጠብቃል። ስለዚህ ቮሊዩም የሚስተካከለው በመጀመሪያው ድምፅ አይደለም። መጀመሪያ ወደ 17ኛው ወይም 18ኛው ደቂቃ ሂዱ (በዘገምተኛ ቀረጻ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል)። በጣም ጩኸት የበዛበትን ቦታ ፈልጉ፣ እዚያ ላይ ደረት የሚነካ ግን ጆሮ የማያሳምም ልክ አድርጉ። ከዚያ ወደ መነሻው ተመልሳችሁ እስከ መጨረሻው አትንኩት።

እንዲህ ተስተካክሎም ድራሙ ካልተሰማ ጥፋቱ የክፍሉ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ፍሪጅ፣ ቬንትሌተር፣ መንገድ ላይ የሚያልፍ ባጃጅ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፤ ድራሙ ከእነዚህ ሁሉ በላይ መሰማት አለበት። በክረምት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ካለ በስፒከር መሞከሩ ራሱ ዋጋ የለውም፤ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን ይሻላል። ለስፒከር የሚመቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ባጃጁ ሲቀንስ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ነው። ሞቃት ነው ብሎ መስኮት መክፈት ግማሹን ሲምፎኒ ለመንገዱ መስጠት ነው።

በሄድፎን የሚሰሙ ሰዎች አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ በ90 ዴሲቤል ግን 4 ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል። የውጭውን ጩኸት ለማሸነፍ ብሎ ቮሊዩም መጨመር የሚጎዳው ጆሮን ነው።

«አንድ ዜማ ነው የሚደጋገመው»

ዜማውስ በእርግጥ አንድ ነው። ያ ሰልፍ 12 ጊዜ ይመላለሳል፣ 11 ደቂቃ ያህልም ይወስዳል። የሚለወጠው የሚጫወተው መሣሪያ፣ ከሥር ያለው ድምፅና ክብደቱ ነው። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፦ ያው ቃል በቁም ዜማ ይባላል፣ በዝማሜ ይደገማል፣ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ በመረግድና በጽፋት እየተፋጠነ ይሄዳል። ቃሉ አልተለወጠም ብሎ የሚሰለች የለም። ልዩነቱ፣ ማኅሌቱ ወደ ደስታ ሲወጣ የሾስታኮቪች ሰልፍ ወደ አስፈሪ ነገር ይወጣል፤ ፍጥነቱንም አይጨምርም፣ ክብደቱን ብቻ።

ስትሰሙ ቁጠሩ። 1ኛው ላይ ባለአውታሮቹ ዜማውን በቀስት ሳይስቡ ነካ ነካ ያደርጉታል፤ ቀላል፣ እንዲያውም የልጅ ዘፈን የሚመስል ነው። 2ኛው ላይ ፍሉት ብቻውን ይይዘዋል። 3ኛው ላይ ፒኮሎ (ቀጭን ድምፅ ያለው ትንሽ ፍሉት) ይጨመራል። 4ኛው ላይ ኦቦ የሚባለው የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ አንድ ሐረግ ይላል፣ ባሱን ከሥሩ ያንኑ ይመልሳል፤ ይህን መመላለስ መያዝ የቻለ ሰው ከዚያ ወዲያ አይጠፋም። 5ኛው ላይ የታፈነ ትራምፔት ይገባል። ድራሙ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ጊዜ አያቋርጥም። 12ቱ ሲያልቁ ቃናው ድንገት ይሰበራል፣ እስከዚያ ዝም ብለው የቆዩ ተጨማሪ ናስ መሣሪያዎችም ይገባሉ። ያ ቅጽበት የሚያስደነግጠው 11 ደቂቃ ስለጠበቅነው ነው። ቀንጭቦ ከ15ኛው ደቂቃ የጀመረ ሰው ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማው።

«ትልቅ ስፒከር ካለ በቂ ነው»

ትልቅ አንድ ስፒከር ለሠርግ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ሥራው ከናስ መሣሪያዎች 8 ሆርን፣ 6 ትራምፔት፣ 6 ትሮምቦንና 1 ቱባ ይፈልጋል፤ ከእነዚህ 4 ሆርን፣ 3 ትራምፔትና 3 ትሮምቦን ከዋናው ኦርኬስትራ የተለየ ቡድን ናቸው። በአንድ የብሉቱዝ ስፒከር ሁሉም ከአንድ ቀዳዳ ይወጣሉ፣ ማን ከየት እንደገባ አይታወቅም። መካከለኛ የሆኑ ሁለት ስፒከሮች ይበልጡታል። በመካከላቸው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ከእናንተም እስከ እያንዳንዳቸው ያንኑ ያህል ይሁን። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ አድርጓቸው፣ ጥግ ውስጥ ከተወተፉ ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ከልክ በላይ ይበዛል። ትንሹ የላይኛው ድምፅ ማውጫ ከጆሮ ትክክል ይሁን። የሲሚንቶ ወለል ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ካለ ማስተጋባቱ ይቀንሳል።

መብራት ይጠፋል ብለው ለሚሰጉ፦ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕና ባለሽቦ ሄድፎን ሙሉ ሲምፎኒውን ይወጣዋል።

«ስልኩ ራሱ ያስተካክለዋል»

ስልኩ የሚያስተካክለው ለዘፈን ነው። የባስ መጨመሪያውንና ኢኳላይዘሩን አጥፉ። የትራኮችን ድምፅ እኩል የሚያደርገውን ቅንብርም አጥፉ፤ እያንዳንዱን ትራክ ለብቻው ስለሚለካ ዝቅ ብሎ የተጻፈውን ሁለተኛ ክፍል ከፍ፣ የመጀመሪያውን ዝቅ ያደርገዋል። አንዱን ትራክ ከቀጣዩ ጋር የሚያደባልቀውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ክፍል ወደ አራተኛው ያለ ማቋረጥ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚሻገረው። እዚያ ላይ መደባለቅም ሆነ የአንድ ሰከንድ ክፍተት መሻገሪያውን ያጠፋዋል።

ስለ ፋይሉ፦ 80 ደቂቃ በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወደ 190 ሜጋባይት፣ በ128 ደግሞ ወደ 77 ሜጋባይት ይሆናል። ዳታ ለመቆጠብ ብሎ 128 መምረጥ የስኔር ድራሙንና የሲምባሉን ጠርዝ ያደበዝዛል። ቀድሞ በዋይፋይ አውርዶ መስማት ይሻላል፣ መሃል ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ያ 11 ደቂቃ ከንቱ ይሆናልና።

«ጦርነቱን እንደ ዜና ይተርካል»

ሾስታኮቪች መጀመሪያ ለአራቱ ክፍሎች ርዕስ አስቦ ነበር፣ ጦርነትና ድል የሚሉ ያሉባቸው። ኋላ ግን አነሳቸው። ስለዚህ «እዚህ ጋ ታንክ ነው፣ እዚህ ጋ ቦምብ ነው» እያሉ መፈለግ አያስፈልግም። የከበባውን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል፣ ግን ባሱኑ የሚያለቅሰው ለማን እንደሆነ ሳያውቁም ልቅሶ መሆኑ ይሰማል።

«በአንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ ካልተሰማ አይቆጠርም»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ሰምቶ ማቆም ይቻላል፤ ብቻውን ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይሆናል። ከሁለተኛው በኋላም ማረፍ ይቻላል። ሦስተኛውና አራተኛው ግን አይለያዩም።

«የድሮ ቀረጻ ጥራት የለውም፣ አዲሱን ስማ»

ኖታው በማይክሮፊልም ተቀርጾ በቴህራንና በካይሮ በኩል አሜሪካ ደርሶ፣ የኦርኬስትራ መሪው አርቱሮ ቶስካኒኒ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1942 በአሜሪካው ኤንቢሲ ሬዲዮ መራው። ያ ስርጭት ዛሬም ይገኛል። ሞኖ ነው፣ ድምፁ ደረቅ ነው፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ድምፅም ተቀራርቧል፤ ስለዚህ የድራሙን አነሳስ ከእሱ መማር አይቻልም። ጦርነቱ ገና እየተካሄደ ሳለ የተሠራ መሆኑ ግን አጨዋወቱ ላይ ይሰማል፣ ይቸኩላል፣ አያባብልም። ሌላው የኦርኬስትራ መሪ ሊዮናርድ በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1988 ከቺካጎ ሲምፎኒ ጋር የቀረጸው በተቃራኒው ወደ 85 ደቂቃ የሚሄድ፣ ከአንድ ሲዲ የሚያልፍ ነው፤ ዝቅ ያለው ቦታ በእውነት ዝቅ ይላል፣ ናሶቹም ተለይተው ይሰማሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የበርንስታይኑን እንመርጣለን። 12ቱን መቁጠር ከለመዳችሁ በኋላ ወደ ቶስካኒኒ ሂዱ።