«ደካማ ንብርብር» ምንድን ነው? ስስ በረዶ ለምን ዋስትና አይሆንም?

«የበረዶው ወራት ገና መግባቱ ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር በረዶ ምን ይንዳል? ቅዝቃዜውም አጥብቆ ይዞታል።» የበረዶ ናዳ አያሰጋም ብለው እንዲህ የሚሉ አስተያየት ሰጪዎች፣ ናዳ የሚነሳበትን «ደካማ ንብርብር» አዲስ የወረደ ለስላሳ በረዶ አድርገውታል። ነገሩን ገልብጠውታል።

ደካማ ንብርብር በተደራረበው በረዶ ውስጥ የላዩን ክብደት የተሸከመ፣ ቅንጣቶቹ ግን እርስ በርስ ያልተያያዙ ሽፋን ነው። ስስ በረዶና ብርድ ደግሞ ይወልዱታል እንጂ አያስቀሩትም። በበረዶ የተሸፈነ መሬት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። የበረዶው ገጽ ከዜሮ በታች 15፣ ውፍረቱ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የ3 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ተን ከታች ወደ ላይ ይጓዛል፤ ቅንጣቶቹም ማዕዘን አውጥተው ስኳር ይመስላሉ፤ ቢጨብጧቸው አይያያዙም። በዚያው ብርድ 2 ሜትር በረዶ ቢኖር ልዩነቱ 0.75 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ቅንጣቶቹ ለመጣበቅ ፋታ ያገኛሉ።

«40 ሴንቲ ሜትር» የሚለውም ነፋስን ይረሳል። ነፋስ በረዶውን ከአንዱ ጎን ጠርጎ ከሸንተረሩ ማዶ፣ በዚያው ስኳር ላይ፣ ከሜትር በላይ ሊከምረው ይችላል።

ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ደረቅ አተር በትኖ ከላዩ ሰሌዳ ማስቀመጥን ያስቡ፤ አተሩ ደካማው ንብርብር፣ ሰሌዳው ከላዩ ያለው የተያያዘ በረዶ ነው። ሰሌዳውን የያዘው ዳርና ዳሩ እንጂ አተሩ አይደለም። ወፍራሙ ላይ የቆመ ሰው ክብደቱ ስለሚበተን አተሩ ጋ አይደርስም፤ በሳሳበት፣ ድንጋይና ቁጥቋጦ አጠገብ፣ ሲረግጥ ግን ይደርሳል። ስለዚህ «ሦስት ሰው አልፎበታል» ማስረጃ አይሆንም፤ አራተኛው ስሱን ቦታ ሊረግጥ ይችላል። ምሳሌው እዚህ ላይ ያጥራል፦ አተር አይደቅም፤ እነዚህ ቅንጣቶች ግን ይደቃሉ፤ ስብራቱም በሰሌዳው ስር በቅጽበት ይሮጣል። ከተዳፋቱ ግርጌ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ከበላዩ ናዳ ሊያስነሳ የሚችለው በዚህ ነው። ከእግር ስር «ዱፍ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ወይም ስንጥቅ ከሮጠ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሚያዘነብል ተዳፋትም፣ ከግርጌውም መራቅ ነው። ድምፁ አለመሰማቱ ግን ፈቃድ አይደለም።

ለመፈተሽ በተዳፋቱ አግድም 90፣ ወደ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓምድ ቆርጦ ለብቻው ማቆም፤ አካፋውን አንድ ጫፍ ላይ አስተኝቶ 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ 10 ከክርን፣ 10 ከትከሻ መምታት። ስብራቱ በጀመረበት ወይም በቀጣዩ ምት ዓምዱን ከዳር እስከ ዳር ካቋረጠ፣ ያንን ተዳፋት መተው ነው። ካላቋረጠ ግን ውጤቱ የሚናገረው ስለዚያች ጉድጓድ ብቻ ነው፤ በዚህ ወቅት ውፍረቱ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይለዋወጣል። ትንሽ ናዳ ቢሆን እንኳ፣ ድንጋዩና ጉቶው ገና ስላልተሸፈነ፣ ሰውን የሚጎትተው በእነሱ ላይ ነው።